ከወንዙ ማዶ ያሉትስ?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጄ ማህሌት ሳሎን ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ፓስቲ ትበላለች፣ በሌላው ስልኳን ትነካካለች። ውጭ የሰኔ ዝናብ የጎፋን ኮንዶሚኒየም ቆርቆሮ ይደበድበዋል። ጨዋታ የያዘች መስሎኝ ተውኳት። በኋላ ግን "ለዚህ ዘጠኝ፣ ለዚህ ሰባት" ስትል ሰማሁና ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት።

"እየዳኘሁ ነው እቴቴ። ዩኒቨርሲቲያችን ለተማሪ ክበባት ሽልማት ይሰጣል። ዘንድሮ ከዳኞቹ አንዷ እኔ ነኝ።"

"ጎሽ የኔ ልጅ! ክበቦቹን ሄደሽ አየሻቸው?"

"ምን ያስኬደኛል? ሥራቸውን በቪዲዮ ልከዋል እኮ።"

አሳየችኝ። አንደኛው ሙዚቃ የተጨመረበት፣ በድሮን ከሰማይ የተቀረጸ፣ የሀብታም ሠርግ የሚመስል ነው። ዘጠኝ ያገኘው እሱ ነው። የማን እንደሆነ ብጠይቃት አብራት ዶርም የምታድረው ጓደኛዋ የምትመራው ክበብ ሆኖ ተገኘ። ከታች ደግሞ ዜሮ የተሰጠው አንድ ክበብ አለ።

"ይኼኛውስ ምን አጥፍቶ ነው?"

"ቪዲዮ አልላኩማ። ቅዳሜ ቅዳሜ መካኒሳ ሕፃናት ያስጠናሉ መሰለኝ።"

"መሰለኝ?" አልኩና ፓስቲውን ከእጇ ተቀብዬ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። "እሱን ስልክ አስቀምጪና ስሚኝ።"

እኔም አንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ክበብ ዳኝቻለሁ። ያውም ገና ፊደል ለይቼ ሳልጨርስ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አሁን ፎቅና ጋራዥ የሞላው ከመካኒሳ በታች ያለው አገር ያን ጊዜ ገጠር ነበር። ግራና ቀኙ ባቄላና ገብስ ነው። በክረምት ጭቃው ሰው ይይዛል፤ እግርን ነቅሎ ለማውጣት የጎረቤት እርዳታ የሚያስፈልግበት ቀን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ተማሪዎች በየክበባቸው ሆነው ወደ እኛ ይመጣሉ። አንደኛው ክበብ ቲያትር ያሳየናል። ሁለተኛው ማንበብና መጻፍ ያስተምረናል። ሦስተኛው ከወንዙ ማዶ ምንጭ እየሠራ ነው ይባላል፤ እኛ ግን በዚያ ጭቃ ተሻግረን አላየነውም።

የማስተማሪያው ክበብ መሪ አስቴር ትባላለች። ቀጭን፣ አፍሮዋን የከመከመች፣ ስትቆጣ ጠመኔ የምትሰብር ልጅ ነበረች። እጄን በእጇ ይዛ ስሜን ያስጻፈችኝ እሷ ናት። "ዘነበች" የሚለውን ሰሌዳ ላይ ሳየው ሌላ ሰው የተወለደ መሰለኝ። ያን ዕለት እቤት ገብቼ ግድግዳውንም በሩንም በከሰል ስሜን ጽፌበት እናቴ ስትፍቅ ዋለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዩኒቨርሲቲው ከሦስቱ ለተሻለው ክበብ ሽልማት አዘጋጀ። ሽልማቱ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ነው፤ የራሳቸው፣ ቁልፍ ያለው። ዳኞቹ ሦስት ሆንን። አንደኛው ከዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛው አቶ በዳዳ፣ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ እዚያው የሚያርሱ የሰፈሩ ሽማግሌ። ሦስተኛ ከነዋሪው አንድ ወጣት ይጨመር ሲባል አስቴር "ዘነበች ትሁን" አለች። መምህሩም ምንም ሳይጠረጥሩ ተቀበሉ።

በዋዜማው አስቴር ከትምህርት በኋላ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

"ዘኑ፣ አደራሽን። ይህን ክፍል ካላገኘን ክበባችን አለቀለት። መጻሕፍቱን አልጋዬ ሥር ነው የምደብቃቸው። የዶርም ኃላፊዋ አውጪ ብላኛለች።"

"ያየሁትን እናገራለሁ" አልኳት። እሷ ግን "እሺ" ያልኳት መሰላት።

በነጋታው መጀመሪያ ቲያትሩን አየን፤ አቶ በዳዳ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ አስቴር ወደምታስተምርበት ዳስ ሄድን። እናቶች እየተነሱ አነበቡ። ቀጥሎ ጨጨብሳ በማርና በቅቤ ቀረበ፣ ጠላም ተቀዳ። ጉርሻው ተከታተለ። ያጎረሰሽን ሰው ደግሞ ክፉ መናገር እንዴት እንደሚከብድ ታውቂያለሽ፤ ቅቤው ገና ከንፈርሽ ላይ ነው። አቶ በዳዳ ቀበቷቸውን ፈታ አደረጉ። ውጭ ዝናቡ ጀመረ። መምህሩ ወረቀታቸውን አወጡና "እንግዲህ ጨርሰናል" አሉ።

"ከወንዙ ማዶ ያሉትስ?" አልኩ።

"ወንዙ ሞልቷል እኮ ልጄ" አሉ አቶ በዳዳ። "ምንጭ ያው ምንጭ ነው። ውሃ አይተሽ አታውቂም?"

ሴቶቹ ሳቁብኝ።

"ውሃ አውቃለሁ አባባ። የእነሱን ግን አላየሁም።"

"ስለ ሥራቸው ሰምተናል" አሉ መምህሩ። "መካከለኛ ነጥብ እንሰጣቸዋለን፤ አይጎዱም።"

ደሜ ፈላ። "በወሬ የሚሰጥ ከሆነ አስቴርንም በወሬ እንስጣት! ታዲያ እዚህ ምን ልናደርግ መጣን? ልንበላ?"

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። አስቴር ጠመኔዋን ጨምድዳ ታየኛለች። መምህሩ ግን ሳቁ፤ ጎንበስ ብለው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

"ይቺ ልጅ ሳታሰምጠን አታርፍም" እያሉ አቶ በዳዳም ዱላቸውን አነሱ።

ወንዙ እስከ ጭናችን ደረሰ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንሻገር ውሃው አንድ እግር የላስቲክ ጫማዬን ወሰደብኝ። አዲስ ነበር፤ ሲሄድ ቆሜ አየሁት።

ማዶ ስንደርስ ልጆቹ በዝናብ በስብሰው ዛፍ ሥር ተኮልኩለዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁን ነበር። ለእኛ ያዘጋጁት ቆሎ በጆንያ ተሸፍኗል። "አትመጡም ብለን ልንሄድ ነበር" አለ መሪያቸው ዮናስ፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

ያን ምንጭ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ድሮ ሰውም ከብትም ከአንድ ኩሬ ነበር የሚጠጣው። አልቅት እንዳይገባብን ውሃውን በነጠላ እናጠልለው ነበር። አሁን ዙሪያው በድንጋይ ታጥሯል፤ ውሃው በቧንቧ ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ለከብቶቹ ራቅ ብሎ ገንዳ ተሠርቶላቸዋል። ሕፃን ያዘለች ሴት እንስራዋን እየሞላች ነበር። መምህሩ ስለ ውሃው ሲጠይቋት "ይኼ ልጄ ዘንድሮ ሆዱን አላመመውም" ብላ መለሰች። አቶ በዳዳ በሁለት እጃቸው ቀድተው ጠጡ። ደግመው ቀዱ። ከዚያ በኋላ ቀልዳቸውን አልሰማሁም።

ዳሱ ስንመለስ መምህሩ መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ። ወደ ጆሯቸው እንድጠጋ ፈልገው ነበር፤ እምቢ አልኩ።

"አስቴር አስተማሪዬ ናት። ስለዚህ ፊቷ ነው የምናገረው። እኔን ማንበብ አስተምራኛለች። ነገር ግን ሰኔ ላይ አብረውኝ ከጀመሩት ሴቶች ብዙዎቹ ሐምሌ ሳያልቅ ቀርተዋል። ቤታቸው ሄዶ ለምን ቀራችሁ ያለ የለም። የምንጩ ልጆች የጀመሩትን ጨርሰዋል፤ ውሃው ለሁሉም ደርሷል። የእኔ ድምፅ ለእነሱ ነው።"

አቶ በዳዳ "የእኔም" አሉ። አለቀ። ቁልፉ ለምንጩ ልጆች ሆነ።

አስቴር ሰሌዳዋን ስትነቅል ላግዛት ሄድኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ማንበብ ያስተማርኩሽ ይህን እንድታነቢልኝ ነው?"

"ያላየሁትን ማንበብማ አላስተማርሽኝም" አልኳት።

ሰሌዳዋን ተሸክማ ሳትሰናበተኝ ሄደች። በሚቀጥለው ክረምት አልመጣችም። ክበቡም እንደፈራችው ፈረሰ ብለው ነገሩኝ። አለቀስኩ፤ እንዴት አላለቅስ? የቀረውን ንባብ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ለራሴ ተማርኩ። አዘንኩ እንጂ አልተጸጸትኩም፤ ሁለቱ እንደሚለያዩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ማህሌት አቋረጠችኝ።

"እቴቴ፣ ይኼ እኮ የጥቅም ግጭት ይባላል። አስተማሪሽ ስለነበረች ከዳኝነቱ መውጣት ነበረብሽ።"

"ብወጣ ኖሮ ወንዙን ማን ያሻግራቸው ነበር? ይልቅስ አንቺ ለጓደኛሽ ዘጠኝ ስትሰጪ ወጥተሻል?"

ፊቷ ቀላ። ስልኩን አነሳችና ዘጠኙን አጠፋችው። ለሌሎቹ ዳኞችም የጓደኛዋን ክበብ እነሱ እንዲያዩት ጻፈችላቸው። ስትጽፍ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ጓደኛዋ ይህን ስትሰማ ዶርም ውስጥ ምን እንደሚጠብቃት ሁለታችንም አውቀናል።

ሰዎች ለመዳኘት የሚወዱት ሰው የሌላቸው ይመረጡ ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል? ቢገኝስ ማን ያምነዋል? እኔ አስቴርን እወዳት ነበር፤ ዛሬም ስሜን በጻፍኩ ቁጥር እጇ እጄ ላይ አለ። ከዳኛ የምፈልገው ተነስቶ እንዲሄድ ነው። የሞቀው ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ ጠግቦ፣ የቀረበለትን ብቻ እያየ እንዳይፈርድ።

"ዛሬ ቅዳሜ አይደል?" አልኳት።

"ነው።"

"ልጆቹ መካኒሳ ያስጠናሉ አላልሽም?"

መስኮቱን አየችው። "ዝናብ እኮ ነው እቴቴ!"

እኔ ጃንጥላዬን ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ያደረግሁት ጫማ በዚህ ጊዜ ማሰሪያ ያለው ነው።