ቀይ ባሕርን ልንሻገር፣ እስከ ጎርጎራ

ባሕር ዳር፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ

ጀልባዋ ሳትነሣ እኔ ታምሜያለሁ። ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ነድቶ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በአንድ እጁ እያጠፈ በሌላው ሙዝ ሲልጥ የኖረ ሰው፣ ገና በገመድ የታሰረች ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዟል። ወዳጄ ሁሴን አጠገቤ ይስቃል። እሱ የጣና ልጅ ነው። አባቱም አያቱም ደንገል አጭደው ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ውኃ ለሱ መሬት ነው።

«ሾፌሩ አያሌው፣ ይቺን ኩሬ ካልቻልህ ቀይ ባሕር ላይ ምን ልትሆን ነው?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው የደርግ ነው፣ ወጣት ለውትድርና የሚታፈስበት። የሁሴን አንድያ ልጅ ዑመር ከአፈሳ አምልጦ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቷል። ገዳሪፍ ከተማ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ እንደሚሠራ በነጋዴ አፍ ሰምተናል። እኔና ሁሴን በጋውን ሙሉ ከሱ ደጅ፣ ሊደርቁ ከተገተሩት ታንኳዎች ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ጉዞ ስናቅድ ከረምን። ጣናን በጀልባ እስከ ጎርጎራ፣ ከዚያ በመኪና ጎንደርና መተማ፣ ድንበሩን እንደምንም ሾልኮ ገዳሪፍ። ዑመርን ይዞ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያ በመርከብ ቀይ ባሕርን አቋርጦ ጅዳ፣ ከጅዳ መካ። የመንገዱ አዋቂ እኔ ነኝ። ሱዳንን በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ግን ሾፌር «አላውቅም» አይልም። መካ ክርስቲያን አይገባም ሲባል፣ ሁሴን ጅዳ ወደብ ላይ ሻንጣ ጠባቂ አድርጎ ሾመኝ። ሹመት ነውና ተቀበልሁ።

የይለፍ ወረቀት ያለ ምክንያት አይሰጥም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጎንደር ምን እንደምንሠራ ሲጠይቅ፣ ለቅሶ ልንደርስ ነው ያልሁት እኔ ነኝ፤ ለቅሶን የሚከለክል የለም። ከበር ስንወጣ ሁሴን አታሟርት ብሎ ተቆጣኝ። እኔም ሟቹን ስለማናውቀው ብዙ አንጎዳም ብዬ ቀለድሁ።

አሁን በዕቅፉ አንድ ከረጢት ይዟል። ሚስቱ ዘይነባ ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ ፈጭታ ለልጇ የላከችው በሶ ነው። ውኃ እንዳይረጨው ጋቢውን ደርቦበታል። ለእኔ የደረበልኝ የለም።

ቁንዝላ፣ ማክሰኞ አመሻሽ

ዘጌን በግራ፣ ደቅን በቀኝ ትተን መጣን። የጌሾ ጥቅል፣ የኑግ ጆንያ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ ጠመንጃውን ታቅፎ የሚያንቀላፋ ወታደር፤ ሁላችንም በአንድ ጀልባ። እኔ ቀኑን ሙሉ ጠርዙ ላይ ተደፍቼ ዓሣ ስመግብ ዋልሁ። ማታ ደግሞ ዓሣው በተራው መገበኝ፤ የተጠበሰ ቀረሶ ከነጭ እንጀራ ጋር፣ አንድ ብር። እኔና ሁሴን አብረን የምንበላው ዓሣ ብቻ ነው። የሱን ሥጋ እኔ፣ የእኔን እሱ አንበላም፤ ዓሣን ግን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እሾሁን እየለቀመ፣ ልጁ ሲሄድ ጢም እንዳልነበረው ነገረኝ።

«አሁን አብቅሎ ይሆናል። በገበያ መኻል ባላውቀውስ?»

«እሱ ያውቅሃል» አልሁት። «እንዳንተ ያለ አፍንጫ ሁለት አገር የለም።»

ሳቀ፤ ግን አፍንጫውን ዳሰስ አደረገ።

ጎርጎራ፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ

የዘይነባ የእህት ልጅ ይማም ከነመኪናው ይጠብቀናል። መተማ እየተመላለሰ ሰሊጥ የሚነግድ ጎልማሳ ነው፤ ድንበሩን የሚያሻግረንም እሱ ነበር። ሁሴንን ጉልበቱን ስሞ፣ ትከሻውን ስሞ፣ ቀና ብሎ ግን አላየውም። ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠውና፣ ሞተሩ ድምፅ አበዛብኝ፣ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ ብሎ እኔን ከመኪናው ጀርባ ወሰደኝ። ሞያዬ ተፈለገ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«አባባ፣ እርስዎ ይቻሉት» አለኝ። «ዑመር አለፈ። ወባ ነው። ቀብረነው መምጣቴ ነው።»

ጎማው ላይ ተቀመጥሁ።

በእኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው የሚረዳው በቤቱ ነው፤ በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ባለበት። ሚስቱ በሌለችበት፣ በሰው ደጅ፣ በውኃ ዳር ማርዳት ነውር ነው። ስለዚህ ሁሴን ሳያውቅ ቤቱ መግባት አለበት። ይማም በጎንደር በኩል ባሕር ዳር በሚወርድ ሾፌር ወሬውን ለዘመድ ሊልክ፣ እኔ ሁሴንን ልመልስ ተስማማን።

በምን ብዬ ልመልሰው? አሰብሁ። ከዚያ ራሴን አየሁት። ከትናንት ጀምሮ የሚያስመልሰው፣ ፊቱ አመድ የመሰለ ሽማግሌ። ከዚህ የተሻለ በሽተኛ ከየት ይመጣል? ጎኔን ይዤ ሁሴን እግር ሥር ወደቅሁ። ደኅና አድርጌ ሳልወድቅ አልቀርም፤ አንዲት ዓሣ ሻጭ ሥላሴን ጠራች።

ሁሴን አቅፎ ቀና አደረገኝና ወደ ጎንደር ሆስፒታል እንሂድ፣ ቅርብ ነው አለ። ይሄን አላሰብሁትም። አፌ ያመጣውን ተናገርሁ።

«መልሰኝ። በሰው አገር አልቀበርም።»

ይማም ፊቱን አዞረ። ሁሴን ወደ ጎንደር የሚወስደውን አቧራማ መንገድ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከረጢቱን ከመኪናው ላይ አወረደ።

«እሺ» አለኝ። «መንገዱ የትም አይሄድም።»

ጣና ላይ፣ ሐሙስና ዓርብ

ሐይቁ ዘይት መስሎ ተኝቷል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ላይ ጤነኛ ሆንሁ፤ ማቃሰት ያለብኝ ደግሞ አሁን ነው። ሁሴን ጆንያ ላይ አጋድሞኝ፣ ጋቢውን አልብሶኝ፣ ሊያጽናናኝ ጉዞውን እንደ አዲስ ያቅዳል። መስቀል ካለፈ በኋላ እንነሣለን። ጣና ካልተስማማኝ በእንፍራዝ በኩል በመኪና እንዞራለን። ገዳሪፍ ስንደርስ እስክበረታ እንሰነብታለን፤ ዑመር ቤት ሳይከራይ አይቀርም።

«የፖርት ሱዳኑን መርከብ አትፍራ» አለኝ። «ሰውን ከነመኪናው የሚጭን ትልቅ ነው አሉ። መኻሉ ላይ ትተኛለህ፣ የመርከብ መኻል አይወዛወዝም። አንዱን ጎንህን እኔ፣ አንዱን ዑመር ይይዝሃል።»

እሺ አልሁ። ደጋግሜ እሺ አልሁ። ቀልደኛ ነኝ የምል ሰው፣ አንዲት ቀልድ ከአፌ አልወጣ አለች። እሱ ደግሞ ቀልድ ማጣቴን የሕመሜ ብዛት አደረገው።

ቁንዝላ ላይ ዓሣው አልወርድ አለኝ። ያን ጊዜ ከረጢቱን ፈታ።

«ተው፣ የልጁ ነው» አልሁት።

«ለሱ እናቱ ሌላ ትፈጫለች» አለና በሶውን በውኃ ለወሰው። በመዳፉ እየጨበጠ አጎረሰኝ። አልበላም ብል ሊሞት ነው ብሎ ይጨነቃል። በላሁ። ጨዋማ ነበር፤ የዘይነባ ጨው ይሁን የኔ እንባ አልለየሁትም።

ዓርብ ባሕር ዳር ስንደርስ ወንድሙ አሕመድና ጎረቤቶቹ ወደቡን ሞልተው ጠበቁን። ሁሴን የኔን መታመም ሰምተው የመጡ መሰለው።

«እኔን ተዉኝ፣ እሱን ያዙት» አላቸው።

ምንም እንዳልሆንሁ የሚያውቁ አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ቤቴ አደረሱኝ። እኔ በጋቢው ውስጥ፣ እነሱ በመንገዱ ላይ አለቀስን። መንገደኛው ሁሉ ይማርህ ይለኝ ነበር።

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ

ከሁሴን አጥር ሥር ተሰብስበናል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። የሚናገረው አሕመድ ነው፤ እኔ ከጎኑ ቆሜያለሁ። እኔ እንኳ ከኋላ ልሁን ብዬ ነበር፤ አብረኸው የተመለስህ አንተ ነህ ብለው ወደ ፊት ገፉኝ።

በሩ ተከፈተና ሁሴን ለሱብሒ ሶላት የሚታጠብበትን ማንቆርቆሪያ ይዞ ወጣ። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ፊቱ ፈካ።

«ተሻለህ እንዴ?» አለኝ።

ጎኔን አልያዝሁም፣ አልጎበጥሁም፤ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ዓይኑ ከእግሬ እስከ ራሴ ወጣ። ከዚያ ከኋላዬ ወደቆሙት፣ ከነሱ ወደ ወንድሙ፣ ከወንድሙ እንደገና ወደ እኔ መጣ። ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። አሕመድ ገና አፉን አልከፈተም።

«አያሌው፣ አልታመምህም ነበር» አለኝ።

ሄጄ ክንዱን ያዝሁት።