ምክንያቱ ይጻፍ

ፈጣሪ ለወንዝ መውረጃ ሲሰጠው ለሰውም ከጎኑ መሄጃ አልነፈገውም። ይህን የሚሉት ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ናቸው። ዐረፉ ይባላል እንጂ ዕረፍቱስ ለስሙ ነው። ክረምት ከበጋ ሳይሉ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከተማዋን ሰንጥቆ የሚወርደውን ወንዝ ዳር ዳሩን ተከትለው በታችኛው ሰፈር ወደሚኖሩት ታላቅ እኅታቸው ይሄዳሉ። የእኅታቸው ዓይን ከደከመ ወዲህ ጋዜጣ የሚያነብላቸው ከእርሳቸው በቀር የለም። ሌላው መንገድ በላይ በኩል ወጥቶ የሚወርደው መቶ ዐሥራ ሁለት እርከን ያለው የድንጋይ ደረጃ ነው፤ የፖስተኛው ቀኝ ጉልበት ደግሞ ከደረጃ ጋር ከተጣላ አራት ዓመት ሆኖታል።

በዚህ መካከል የመጋዘኑ ባለቤት አጥሩን እስከ ውሃው ድረስ ለመግፋት አመለከተ። ማዘጋጃ ቤቱም፣ “የወንዙ ዳር መንገድ ተጠቃሚ እንዳለው በአንድ ቀን ቆጠራ ይጣራ፤ ከሃምሳ ሰው በታች ካለፈበት ይዘጋ” ሲል ወሰነ። ቀኑም በክረምቱ እምብርት ላይ ተቆረጠ።

የዚያን ዕለት ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። ወንዙ ጭቃ ለብሶ፣ ቅርንጫፍና አሮጌ ጫማ ተሸክሞ እያጓራ ይወርዳል። መንገዱ ዝቅ በሚልበት በመጋዘኑ በኩል ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥቶበታል። ፖስተኛው ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን እያስቀደሙ ተሻገሩት። ከማዶው ጥግ፣ በሸራ ሥር፣ መነጽሯን በሻርፗ ጫፍ የምትወለውል የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ተቀምጣለች።

“አባባ፣ በዚህ ዝናብ ምን አወጣዎት?”

“እግሬ። አንቺንስ ምን አስቀመጠሽ፣ ልጄ?”

“ደመወዝ” አለችና ሳቀች። “ዐሥራ ሰባተኛው ሰው ነዎት።”

“ስመለስ ዐሥራ ስምንተኛ እሆናለሁ?”

“አይሆኑም። አንድ ሰው የሚቆጠረው አንዴ ነው።”

“ታዲያ ሳትቆጥሩ ዘግታችሁታላ።”

ጸሐፊዋ ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች።

እኅታቸው የእርምጃቸውን ድምፅ ገና ከበር ሲሰሙ፣ “ጫማህን እዚያው አውልቅ፤ ወንዙን ይዘህብኝ እንዳትገባ” አሉ።

“እትዬ፣ መንገዱን ሊዘጉት ነው” አሉ ፖስተኛው፣ የሆነውንም ሁሉ ነገሯቸው።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ እርሳቸው መለሱ። “ደረጃውን ትወጣዋለህ?”

“አልወጣውም።”

“እኔስ እወርደዋለሁ?”

“መውረዱንስ ትወርጂዋለሽ፤ የምትቆሚው ግን ወንዙ ውስጥ ነው።”

“እንግዲያ ምን ጋዜጣ ትገልጣለህ? ተነሥ! ሰባ ዓመት ሙሉ ለእኔ አንድ ቃል ሳይመልስ ያላደረ ምላስ፣ ማዘጋጃ ቤት ሲያይ ይታሰራል?”

ፖስተኛው ጋዜጣውን ሳይገልጡ ተነሡ።

ከመጋዘኑ ጥግ ሲደርሱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ፣ ጸሐፊዋ ወረቀቷን ስትሰበስብ አገኟት።

“ጥሩ መጡ። የመጨረሻው አላፊ እርስዎ ነዎት፤ ምስክር ሆነው ይፈርሙልኝ።”

ቅጹን ተቀብለው፣ ዝናብ እንዳይነካው በኮታቸው ጋርደው በዝግታ አነበቡት። “ሃያ ሦስት ሰው ይላል።”

“ሐሰት ነው?”

“እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት። ለምን ሃያ ሦስት እንደሆነ የታለ?”

“ቅጹ የምክንያት ቦታ የለውም።”

“ጀርባው ባዶ ነው።”

ከዚያ በፖስታ ቤት ያለውን ሥርዓት ነገሯት። ከባለቤቱ ያልደረሰ የአደራ ደብዳቤ እንዲሁ አይመለስም። ፖስተኛው በጀርባው “ቤቱ ተዘግቷል” ወይም “ድልድዩ ፈርሷል” ብሎ ጽፎ ይፈርማል። እርሳቸው ሥራ በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ምክንያት ያልተጻፈባቸው ሦስት ደብዳቤዎች ይዘው ቢመለሱ፣ አለቃቸው በመጡበት እግራቸው ሦስቱም ደጆች ድረስ መልሰዋቸዋል።

“የእኔ አለቃ ደግሞ ለምን ጻፍሽ ብሎ ይቆጣኛል።”

“ይቆጣሽ። ቁጣ ቢገድል እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።”

“አባባ፣ ካልፈረሙ ሌላ ምስክር እፈልጋለሁ።”

“ፈልጊ” አሉና በከዘራቸው ወደ ላይም ወደ ታችም አመለከቷት። በመንገዱ ላይ ከዝናብ በቀር የሚመጣ አልነበረም። “እስኪመጣ አብሬሽ እጠብቃለሁ።”

ጠበቁም። ውሃው ከባርኔጣቸው ጫፍ ወደ ትከሻቸው ይንጠባጠባል። እንዲህ ያለ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ትሑት ነው፤ በወረቀት ፊት ግን አንገቱን አይደፋም።

“ኧረ ይታመማሉ!”

“ከታመምኩ ምክንያቱን ጻፊ።”

ጸሐፊዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ወረቀቱን ገልብጣ፣ “ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ ወንዙም መንገዱ ላይ ወጥቷል” ብላ ጻፈች። “ጥልቀቱን በምን ልለካው?”

ፖስተኛው ከዘራቸውን ከውሃው ነክረው አወጡና እርጥቡን በእጃቸው ለኩ። “ከቅድሙ ጨምሯል፤ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት። ጻፍሽ? አሁን ደግሞ ‘ይህም ሆኖ ሃያ ሦስት ሰው አልፎበታል’ ብለሽ ጨምሪ።”

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ አንዲት ቃል ሳታጎድል ጻፈች፤ እርሳቸውም ሠላሳ አራት ዓመት በፈረሙበት እጅ ፈረሙ።

“ይህን ሲያዩ ቆጠራውን በበጋ ይደግሙት ይሆናል” አለች፣ ወረቀቱን ከደረቷ እየከተተች። “ላይደግሙትም ይችላሉ፤ ቃል አልገባልዎትም።”

“ያ የእነርሱ ፋንታ ነው። እኔ ነገ በዘጠኝ ሰዓት አልፋለሁ።”

“አጥሩን ቢጀምሩትስ?”

“ለምሰሶው ሲቆፍሩ መጀመሪያ የሚያገኙት የእኔን እግር ነው” አሉና ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ።