ዴልፋ ያልጠረገችው ዱካ

ዴልፋ ላለፉት አስራ አንድ ዓመታት ስራዋ የሰው ዱካ ማጥፋት ነበር። የሚከፍላት የለም፣ ያዘዛትም የለም። በዩታ በረሃ ሰኞ ሲነጋ፣ ቅዳሜና እሁድ ሲጋልቡ የሰነበቱት ጂፖች ወደየከተማቸው ሲመለሱ፣ መጥረጊያና አካፋ በአሮጌ ፒክአፕዋ ጭና ወደ ደረቁ ወንዝ ትወርዳለች። ከመንገድ የወጣ ጎማ ያሰመረውን ትደመስሳለች፤ ሌላው እንዳይከተለው የዱካው አፍ ላይ ድንጋይና የደረቀ ቅርንጫፍ ትከምራለች። የዚያ አገር አፈር ቀጭን ጥቁር ቅርፊት አለው። ጎማ አንዴ ከሰበረው የሰባሪው ዕድሜ ሲያልቅም አይጠግግም። ዝናብ ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ የተከፈተ መንገድ ካገኘ ሌላ አይመርጥም።

ወንዙ የሚታለፈው በአንድ መልካ ብቻ ነው፣ ቀስ ተብሎ፣ ቀጥ ተብሎ። ጭቃውን ሸሽቶ ዳር ዳሩን የሚዞር ሰው ካየች ዴልፋ መስኮቱ ድረስ ትሄዳለች።

«ልጄ፣ መኪናህ ጭቃ ከፈራ ለምን አስፋልት ላይ አትነዳትም?» ትላለች። ስልሳ አራት ዓመቷ ስለሆነ ሰውየው አፍሮ ወደ መልካው ይመለሳል።

አንድ ዱካ ግን አልነካችም። ከመልካው ተነስቶ ዳገቱን ዞሮ ምንጭ ባለበት መስክ በኩል የሚወርደውን። ባሏን ኦርሰንን የልብ ሕመም የጣለው ዕለት መልካው ከጎርፍ በኋላ ጭቃ ሞልቶት ነበር፤ እሷ መሪ ይዛ ዳገቱን ዞረችው። ኦርሰን ደረቱን ይዞ፣ «አንቺ፣ ሰው ቢያይሽስ?» ብሎ ሳቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አለፈ። ያንን ዱካ መጥረግ ሁለተኛ መቅበር ሆነባት። በሳምንቱ ሁለት መኪና ተከተለው፣ ከዚያ ሃያ። ዛሬ ሰው ወገቡ ድረስ የሚገባበት ቦረቦር ሆኗል። በየሰኞው «በሚመጣው ሰኞ» እያለች አለፈችው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ፣ ልብም እንዲሁ ነው።

ከቦረቦሩ ግርጌ ያለውን ምንጭ ሁለት ቤት ይጠጣዋል፣ የእሷና የኦርሰን ታናሽ ወንድም የቴይን። የቴይን አርባ ላሞችም ከዚያው ነው የሚጠጡት። ሌላ ውሃ የላቸውም።

በዚያ የነሐሴ ሰኞ ቴይንን ምንጩ አጠገብ አጥር ሲያጠብቅ አገኘችው። ከላሞቹ አንዷም ውሃው ዳር አልነበረችም፤ ሁሉም ከፍ ያለ አለት ላይ ወጥተው ቆመዋል። በላያቸው ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከሩቁ ተራራ ላይ ግን ጥቁር ደመና ተዘርግቶ አይነቃነቅም።

«ላሞችህ ምን ነካቸው?»

«እኔም እንጃ። ከንጋት ጀምሮ አልወርድ ብለዋል።» ቴይን በመዶሻው ወደ ቦረቦሩ ጠቆመ። «ይሄ የጎብኚ ዱካ አንድ ቀን ጉድ ይሰራናል። እህት ዴልፋ፣ የአገሩን ሁሉ ትጠርጊያለሽ፣ ይሄን ብቻ ትዘያለሽ።»

«ሰፋብኝ።»

«በትራክተር ልድፈነው ስልሽ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አንቺ ነሽ ቆይ ያልሽኝ።»

ነፋሱ የረጠበ አፈር ሽታ አመጣ፤ እነሱ ዘንድ ግን ጠብታ አልወደቀም።

«ዛሬ እንዝጋው» አለች።

«ዛሬ? ያንን ደመና እያየሽ?»

ሄዳ በመልካው በኩል ባለው የቦረቦሩ አፍ ላይ ድንጋይ መደርደር ጀመረች። ሳይደርቅ በርጥቡ የሚባለው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ታውቀዋለች፣ እጇ ግን አላቆመም። አስረኛውን ድንጋይ ስታነሳ ከላይ በኩል ብዙ ጭነት መኪና አብሮ የሚመጣ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ቴይን ሮጦ ክንዷን ይዞ ወደ አለቱ ጎተታት።

ደራሹ ጎርፍ ቡናማ ነበር፤ ፊቱን ግንድና ድንጋይ አስቀድሞ መጣ። መልካው ላይ ሲደርስ ገሚሱ በድሮ መንገዱ ቀጠለ። ገሚሱ ቦረቦሩን አገኘና ታጠፈ። የደረደረችውን ድንጋይ ጠራርጎ መስኩን አቋርጦ ምንጩ ላይ ወረደ። ከምንጩ አጠገብ የነበረው ትልቅ ዛፍ ተጋደመ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ተነቅሎ ሄደ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም።

ሲጎድል ወረዱ። ምንጩ የነበረበት ቦታ በሰው ቁመት ደለል ተደፍኗል። ውሃውን ወደ ቤቶቹ የሚወስደው ቧንቧ ተሰብሮ ትንሽ ጭቃ ተፋና ዝም አለ።

«ይሄን ዱካ መጀመሪያ ያወጣውን ሰው ስሙን ባውቀው» አለ ቴይን።

«ታውቀዋለህ። እኔ ነኝ። ወንድምህን ይዤ የወጣሁ ዕለት።»

ቴይን ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኦርሰን አጠገብሽ ነበር?»

«ነበር። እየሳቀ ነበር።»

ቴይን ቤቱ ያሉት በርሜሉ ውስጥ የቀረውን ውሃ ሳያውቁ እንዳይጨርሱት ቸኩሎ መኪናውን አስነሳ። መልካው ጭቃ ሞልቶታል። አየው፣ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረና ጎማ ነክቶት በማያውቀው ዳር በኩል ወጣ። ጥቁሩ ቅርፊት ሲሰባበር ድምፁ እሷ ዘንድ ድረስ ተሰማ።

ዴልፋ ልትጠራው አፏን ከፈተች፣ ተወችው። ከዚያ ወደ ፒክአፕዋ ሄዳ መጥረጊያውን አወረደችና ወደ አዲሱ ዱካ አመራች።