ያልተሰጠ ቃል

በፖሊስ ጣቢያው ሁሉም «እትዬ ጆሮ» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠርጣሪዎችን ቃል ከቴፕ እየሰማች ወረቀት ላይ ስታሰፍር ኖራለች። ባሏ «ከአንቺ ጋር እየኖርኩ በሆዴ እንኳ ማማት አልቻልኩም» እያለ ይቀልድባታል።

ዘንድሮ ድምፅ ሰምቶ ራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ላይ ተጫነ። የእሷ ሥራ አመሳክሮ መፈረም ብቻ ሆነ።

አንድ ረፋድ ላይ፣ መጋዘን በማቃጠል የተጠረጠረ ዘበኛ የድምፅ ቅጂ ደረሳት። ማሽኑ ሁለት ገጽ ጽፎ ጨርሷል፤ «ማንም ሳያስገድደኝ፣ ጥፋቴን ልቤ እያወቀው፣ እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ...» ይላል። ማዳመጫውን አድርጋ ከፈተችው። መርማሪው ይጠይቃል፤ ዘበኛው አይመልስም። የወንበር ሲጥሲጥታ፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ ጥያቄ፣ ደግሞ ትንፋሽ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሰውዬው ቃል አልወጣውም።

ተሳስቶ ይሆናል ብላ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳችው። ጆሮዋ ላይ ትንፋሹ ብቻ እየመጣ፣ ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ተደረደሩ። ያው የእምነት ቃል። «ልቤ እያወቀው» ብሎ የሚጽፍ በጣቢያው ከእሷ በቀር ማንም የለም።

መርማሪው ቢሮ ገባች።

«ይሄ ማሽን ከማን ነው የተማረው?»

«ከእርስዎ ነዋ፣ እትዬ! የስንት ዓመት ፋይልዎን ነው ያጎረስነው» ብሎ ሳቀ። «ምነው፣ ፊትዎ አመድ መሰለሳ?»

«ሰውዬው እኮ አንድ ቃል አልተናገረም።»

«ዝምታም መልስ ነው። ይፈርሙልኝ።»

«ያልሰማሁትንማ አልፈርምም፣ ልጄ።»

ከገጹ ግርጌ «ተጠርጣሪው ምንም አልተናገረም» ብላ በእጇ ጻፈችና ፈረመች። ዳኛው ቅጂውን በችሎት አስከፈቱት፤ ሰው ሁሉ ቅጂው እስኪያበቃ ትንፋሹን ብቻ ሰማ። ዘበኛው በነፃ ተለቀቀ። መርማሪው ከዚያ ወዲህ ሰላምታም ነሳት።

እሷን ግን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነው። ያቺን «ልቤ እያወቀው» መጀመሪያ ያላት ማን ነበር? መዝገብ ቤት ወርዳ አሮጌ ካሴቶች አወጣች። የመጀመሪያው ላይ አንድ ወጣት «እንጃ» ይላል፤ ፋይሉ ላይ «ልቤ እያወቀው» ተብሏል። ሁለተኛው ላይ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፤ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። ፋይሉ ላይ ግን ቃሏ ሙሉ ገጽ ነው፣ በእትዬ ጆሮ እጅ ጽሕፈት። ያኔ «ላስተካክልላት» ብላ ነበር፤ ክፋት አላሰበችም።

እስካሁን አስራ አንድ ካሴት ሰምታለች። ከፋይላቸው ጋር ያልተስማሙትን የስድስቱን ቁጥር ጽፋ ለፍርድ ቤት ልካለች። ሴትዮዋ ማረሚያ ቤት ሳለች እንደሞተች የነገሯት ትናንት ነው።