ዘንዶው ይበላል

ሊፍቱ አራተኛውን ፎቅ አልፎ አንዴ ተንገጫገጨና ቆመ። መብራቱ ጠፋ። እጸገነት ግድግዳውን ያዘች። አብራት የተሳፈረችው ልጅ የስልኳን መብራት አበራች።

«ኔትወርክ የለም» አለች ልጅቷ። «በቃ፣ አለቀልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለኝ።»

እጸገነት በሩን በመዳፏ ደበደበች። ከታች የጥበቃው የሳዳም ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እጸገነት!»

«እትዬ፣ ሁልጊዜ በደረጃ ነበር የሚወጡት። ዛሬ ምን ነካዎት?»

«ጉልበቴ ነዋ! ይልቅ ጄኔሬተሩን አስነሳ!»

«ናፍጣ የለውም። ቴክኒሻኑ ከወሎ ሰፈር እየመጣ ነው። አይጨነቁ፣ ይሄ ሊፍት አይወድቅም። እስካሁን ወድቆ አያውቅም።»

ልጅቷ ሳቀች። እጸገነት አልሳቀችም።

አምሳ አራት ዓመቷ ነው። ቂርቆስ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት አማርኛ አስተምራ ጉሮሮዋን ሲያማት ሥራውን ተወች። ካዛንቺስ የነበረው ቤቷ ከሰፈሩ ጋር ሲፈርስ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየች። አሁን በዚህ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ላለ አነስተኛ አሳታሚ ረቂቅ ታነባለች። ለእያንዳንዱ ረቂቅ አንድ ገጽ ቅጽ ትሞላለች፤ ሦስት መስመር ለጠንካራ ጎን፣ ሦስት መስመር ለደካማ ጎን። ቅጹን ያወጣው የድርጅቱ ባለቤት አጽብሃ ነው። ድሮ ከሠራበት መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ግምገማ ላይ ወስዶት ነው። ረቂቁን አያነብም። ቅጹን አንብቦ ይወስናል።

የዛሬው ቅጽ ተሞልቶ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

«ወደ ስድስተኛ ፎቅ ነሽ?» አለቻት ልጅቷን።

«አዎ፣ አሳታሚው ጋ። መጽሐፍ ጽፌያለሁ፣ ማለቴ፣ ፋንታሲ ነው፣ ለወጣቶች። ዛሬ መልሱን ይነግሩኛል። ሩቲ እባላለሁ።»

እጸገነት ስሙን ታውቀዋለች። የረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነበር። ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«ሦስት ዓመት ነው የጻፍኩት» አለች ሩቲ። «ከአባቴ ጋር ተስማምተናል። ዛሬ እምቢ ካሉኝ ሁለተኛ አልጽፍም። አንድ አንባቢ አለች አሉ፣ ሁሉም ነገር በእሷ እጅ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዛ የተወለደች የሆነች ማዘር ትሆናለች።»

«ሊሆን ይችላል።»

ሊፍቱ ውስጥ ይሞቅ ጀመር። ሩቲ ጃኬቷን አውልቃ ወለሉ ላይ አነጠፈችና እጸገነትን አስቀመጠቻት። ከዚያ ሳትጠየቅ ታሪኩን መናገር ያዘች። ከካዛንቺስ ሥር አንድ ዘንዶ ይኖራል። የሚበላው ቤት ነው፣ ቤት ሲያልቅበት ግን ወደ ሰው ይመጣል ተብሎ ይፈራል። ጃለኔ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለች። ፈሪ ናት።

«እስከ መጨረሻው ፈሪ ሆና መቅረቷ ጥሩ ነው» አለች እጸገነት። «ቅርጫው ላይ ነው እንጂ...»

አቋረጠች። ሩቲ የስልኩን መብራት ፊቷ ላይ አዞረችው።

«ስለ ቅርጫው አልነገርኩዎትም።»

«አልነገርሽኝም።»

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። እስክሪብቶዬ ግን ሰማያዊ ነው።»

ሩቲ አፏን ያዘች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ቅጹን ያሳዩኝ።»

«አይፈቀድም።»

«የት እሄዳለሁ ብለው ነው? ታስሬ!»

እጸገነት ቦርሳዋን ከፈተች።

ሩቲ ጠንካራ ጎኖቹን ቶሎ ቶሎ አለፈቻቸው። ጎረቤቶቹ እንደ ጎረቤት ይጨቃጨቃሉ፤ ጃለኔ በድንገት ጀግና አትሆንም፤ የፈረሱት ቤቶች ከነሽታቸው ይታያሉ። ደካማዎቹ ላይ ስትደርስ ድምፅ አውጥታ አነበበች።

«አንድ፦ ጃለኔ በተቸገረች ቁጥር አዲስ ኃይል ይገኝላታል። እሺ፣ እውነት ነው። አራተኛው ኃይል ላይ እኔም አፍሬያለሁ። ሁለት፦ ከምዕራፍ ዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ጉዞ ብቻ ነው። መንገዱ ረጅም ነዋ!»

«ለጃለኔ ይርዘም። ለእኔ ለምን ይረዝማል?»

«ሦስት፦ መጨረሻው ከትንቢቱ ጋር ይጋጫል። ትንቢቱ ‹በሰባተኛው በር ዘንዶው ይበላል› እያለ፣ ሰዎቹ ዘንዶውን አርደው ቅርጫ ይከፋፈሉታል። ደራሲዋ ትንቢቱን ረስታዋለች።»

ሩቲ ቀና አለች። «እትዬ፣ እስቲ ትንቢቱን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»

«በሰባተኛው በር ዘንዶው ይበላል።» አላልታ አነበበችው።

ሩቲ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አጥብቃ ደገመችው።

እጸገነት ቃሉን በከንፈሯ ብቻ አለችው፤ አንዴ አላልታ፣ አንዴ አጥብቃ። ፊደሉ ያው ነው። ሲያላሉት ዘንዶው በላተኛ ነው፤ ሲያጠብቁት ምሳ ነው። መጥበቅና መላላትን ለሃያ አራት ዓመት ለስምንተኛ ክፍል ያስተማረችው እሷ ናት።

«ሰፈርተኛው ሁሉ አላልቶ ነው የሚያነበው» አለች ሩቲ። «የሚሸሹት ለዚህ ነው። ያጠበቀችው ጃለኔ ብቻ ናት። ምዕራፍ ሃያ ላይ አለ እኮ! መጽሐፉ ራሱ እሱ ነው።»

«ምዕራፍ ሃያን ኦሎምፒያ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት።»

«ሦስት ዓመት የጻፍኩትን?»

እጸገነት ቅጹን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስደገፈችና ሦስተኛውን መስመር ሰረዘችው።

ቴክኒሻኑ ደርሶ በሩን ሲፈለቅቀው አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። የአምስተኛው ፎቅ ወለል ደረታቸው ላይ ነበር። ሩቲ ከታች ገፋች፣ ሳዳም ከላይ ጎተተ። «ቀስ፣ እትዬ! ይሄኔ በደረጃ ስምንት ጊዜ ወጥተው ወርደው ነበር።» የቀረውን አንድ ፎቅ በእግራቸው ወጡ።

አጽብሃ ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ነበር። ቅጹን ቆሞ አነበበ።

«ሦስተኛው ተሰርዟል።»

«ስህተቱ የኔ ነው፣ ጋሽ አጽብሃ። ጠብቆ የሚነበበውን አላልቼ አነበብኩት። እንዲያውም ወደ ጠንካራ ጎን ያዙሩልኝ።»

«እዚያ አራተኛ መስመር የለም።» ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «አንቺ ስንት ዓመት አስተማርሽ?»

«ሃያ አራት።»

«አንቺ ከተሳሳትሽ የአሥራ አምስት ዓመት አንባቢ እንዴት ያነበዋል?»

እጸገነት ወደ ሩቲ ዞረች።

«ማጥበቂያ ምልክት የለንም?» አለ አጽብሃ።

«መዝገበ ቃላት ላይ ነጥብ ይደረግበታል። እዚህ ነጥብ ካደረግንበት ታሪኩ ገጽ ሦስት ላይ ያልቃል።»

«እንግዲያው ቃሉ ይቀየር። ‹ይታረዳል› ትበል። ነገ ውል እፈርማለሁ።»

«‹ይታረዳል› ካልኩ ሰፈርተኛው ለምን ይሸሻል?» አለች ሩቲ።

«አንባቢ ካልሸሸ ይበቃኛል፣ የኔ ልጅ።»

ከተሰረዘው መስመር በላይ በራሱ እጅ ‹አሻሚ ቃል› ብሎ ጻፈና ቅጹን ወደ እጸገነት ገፋው።

«አሻሚ ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው፣ ግን...»

«ነው ካልሽ ፈርሚ።»

ሩቲ በሩ አጠገብ ቆማ ታያት ነበር። እጸገነት ፈረመች።

ሩቲ ቃሉን እንድትቀይር እስከ ሰኔ ሠላሳ ጊዜ ተሰጣት። አልቀየረችም። ልቦለዱ አልታተመም።