በሰም የወለወልኳት መኪናና የድስት ጥላሸት

ሰሙ ገና ሳይደርቅ አማቴ የመኪናዬን ኮፈን የድስት ጥላሸት ቀቡት። አሁን፣ ዓይኔ እያየ።

ነገ ለልጄ ሚስት የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይዤ ሸሕዲ እሄዳለሁ። አቧራ በለበሰ መኪና ደጅ አይጠናም ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ሳጥባትና ስወለውላት የመተማ ፀሐይ ሲጠብሰኝ ዋለ።

ከወንበሮቹ ሥር ያለፈውን ዓመት ሰሊጥ በስንጥር ለቀምኩ። የአየር ማስገቢያዎቹን በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩ። ለገዛ ጥርሴ እንኳ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም።

ልክ ስጨርስ ጎረቤታችን ብቅ አለና "ጋሼ፣ ፊቴን እኮ አየሁባት" ብሎ ሄደ።

አማቴ ከጓዳ ሰምተውታል። ድስቱን ይዘው ወጡ፣ ቂጡን በመዳፋቸው አሹና ኮፈኑን ዳበሱት።

"እማማ፣ ቀለሙን ይቧጭረዋል እኮ።"

"ይቧጭረው። የሰው ዓይን ከሚያርፍባት ይሻላል። የልጅ ልጄን ጉዳይ የምትሸከም መኪና ናት። ከጠረግኸው ነገ አልመርቃችሁም።"

እሳቸው ሳይመርቁ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከደጃችን አይነሱም።

በአማት ላይ አይጮህም፤ ስለዚህ እዚህ ጮህኩ። ነገ አምስት ጥቁር ጣት ያረፈባት መኪና እነዳለሁ።

በእናንተስ መኪና ላይ ማን ምን ቀባ? ቶሎ ጻፉልኝ፤ ጨርቁ አሁንም እጄ ላይ ነው።