ላይ ናቸው፣ ታች ባዶ ነው

ሥራዬ የአንድ ክሊኒክ ሦስት ቅርንጫፎችን በዋይፋይ ማገናኘት ነው። ፒያሳ ያለውን «ላይ»፣ ቸርችል ጎዳና መጨረሻ ያለውን «ታች» እንላቸዋለን፤ እሪ በከንቱ ያለው ያው እሪ በከንቱ ነው። ሦስቱንም ፒያሳ ተቀምጬ ከአንድ ኮምፒውተር አዛቸዋለሁ። ሰው ይሄን ሲሰማ ይቀናል። እኔ ግን ያቺን «ላክ» የምትል ቁልፍ በነካሁ ቁጥር ልቤ ትር ትር ይላል፤ አንድ ስህተት ሕንፃውን በሙሉ ድዳ ያደርገዋል።

በዚያ ሰሞን እናቴ ሳንባዋን ታማ ታች ተኝታ ነበር። ጣቷ ላይ የተሰካችው መለኪያ ኦክስጅኗን በዋይፋይ ወደ ነርሶቹ ስክሪን ትልካለች። ትንፋሿ ማጠሩ የሚታወቀው እንግዲህ እኔ በዘረጋሁት ነገር ነው። እንዴት እንቅልፍ ይውሰደኝ?

አዲስ ቅንብር የምልክበት ቀን ደረሰ። ሲላክ የዋይፋይ መሣሪያዎቹ ጠፍተው ነው የሚነሱት። አስቀድሜ ታች ደወልኩ።

«ሲስተር፣ ዋይፋዩን ላስተካክል ነበር፤ እናቴ አለች ብዬ ፈራሁ።»

«አይዞህ፣ ጠዋት አዛውረናቸዋል። እማማ ላይ ናቸው፣ ታች ባዶ ነው። እንደፈለግህ አድርግ።»

ተመስገን አልኩ። ፒያሳ አምጥተዋታል፣ እኔ ያለሁበት። ታችን መርጬ ላክኩና ላያት ወደ ሕሙማን ክፍል ሄድኩ። አልጋዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ የለችም። ተረኛዋን ነርስ ጠየቅኳት።

«ዛሬ ከታች የመጣ ሰው የለም» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ሲስተር «ላይ» ያለችው እዚያው ቸርችል ያለውን ፎቅ ነው፤ «ታች» ያለችው ምድር ቤቱን። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ። ብደውል የሚያነሳ የለም። ኮምፒውተሩን ባየው የታች መብራቶች ቀይ እንደሆኑ ናቸው፤ አልተነሱም። ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ሰው እየገፈተርኩ፣ «እመቤቴ፣ አደራሽን» እያልኩ ቸርችልን ቁልቁል ሮጥኩ። ያ መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ደረጃውን እየዘለልኩ ፎቁ ላይ ወጣሁ። የነርሶቹ ስክሪን ጨልሟል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። በሩን ስከፍት ሲስተር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ የእናቴን እጅ ይዛ ሰዓቷን እያየች ትንፋሿን ትቆጥራለች። እናቴ ትተነፍሳለች። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያላበህ?» አለችኝ እናቴ።

«ዋይፋዩን አጠፋሁት፣ እማዬ። በስህተት።»

«አንተ ነህ?» የሲስተርን እጅ ጠበቅ አደረገች። «እዚህ ከገባሁ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ዛሬ ገና ነው። ለብቻዬ እፈራለሁ፣ ልጄ። እባክህ ነገም አጥፋልኝ።»